የአያቴ ቤት ከማን ነው የተገዛው? (ደሴ፣ ሸዋበር)

የሸዋበር ልጅ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ደሴን የምታውቁ፣ በተለይ የድሮ ወረቀት ማንበብ የለመዳችሁ ሰዎች ርዱኝ።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። የምትኖረው በተወለደችበት ቤት ነው። ቤቱ ከሸዋበር መስጊድ ትንሽ ወደ ላይ ሲወጡ ይገኛል። ሥሩ ድንጋይ፣ ላዩ ጭቃ ነው። ከፊቱ የእንጨት ሰገነት አለው። ቆርቆሮው በዝገት ቡናማ ሆኗል። በረዶ ሲጥል ቤት ውስጥ መደማመጥ አይቻልም፣ በምልክት ነው የምንግባባው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ከጣሪያው ውሃ ወርዶ የሳሎኑ ግድግዳ አበጠ። ለማሳደስ ሠራተኛ ጠራን። ሠራተኛው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በውሃ እያራሰ በቢላ ጫፍ ቀስ ብሎ ያነሳ ጀመር። ከቀለሙ ሥር የደርግ ጊዜ መጽሔት ወጣ። ትራክተር ላይ የተቀመጠች ሴት ሥዕል አለበት። ከሱ ሥር የጃንሆይ ፎቶ ያለበት አዲስ ዘመን ጋዜጣ መጣ። እዚህ ላይ ያበቃል ብለን ነበር። ግን አንድ ንብርብር ቀርቶ ኖሯል። ፊደሉ የላቲን ነው። የሚያውቅ ሰው አሳየሁ፤ ጣልያንኛ ነው አለኝ። ከዚያ ሥር ያለው ጭቃና ጭድ ብቻ ነው።

እናቴ ይህን ስታይ «ይኸው! አባቴ ቤቱን ከጣልያን ነው የገዛው ስላችሁ ነበር» አለች። በኛ ቤተሰብ ሲባል የኖረውም ይኸው ነው። ጣልያን ሲሸሽ ለአያቴ በርካሽ ሸጦለት ሄደ ይባላል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ዛሬም «የአረቡ ቤት» ነው የሚሉት። የትኛው አረብ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ ለኔ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። ከሳሎኑ መሐል ያለው ምሰሶ ላይ፣ ከደረት ከፍ ብሎ፣ መስቀል ተቀርጿል። አያቴ ሰጋጅ ሰው ነበር፣ አምስት ወቅት ሰላቱን የማይተው። መስቀሉን ግን አላስፋቀውም። ልናስፋቀው ሲሉት «የሰው እምነት ነው፣ ተዉት» ብሏል ይባላል። ቡና ሲጠጣ እዚያ ምሰሶ ላይ ነበር የሚደገፈው። የመስቀሉ አንዱ ጫፍ በሱ ትከሻ ለስልሷል። ጣልያን ወይም አረብ ምሰሶ ላይ እንዲህ ያለ የሐበሻ መስቀል ይቀርጻል ብዬ አላምንም።

የብስኩት ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያቆየነው ወረቀት አለን። የሽያጩ ውል ስምንት ቦታ ታጥፎ ነው የተቀመጠው። አይጥ አንዱን ጥግ ስለበላው የሻጩ ስምና ዓመተ ምሕረቱ አብረው ሄደዋል። የቀረው እንዲህ ይላል፦ «…አዋሳኙ ከዚህ በላይ የተነገረውን ቤቴን ከነቦታው 1400 ሽልንግ ተቀብዬ ሸጫለሁ… ጥር 9 ቀን በዘመነ ዮሐንስ»። ከሥሩ የሦስት እማኞች ስም፣ ከዚያ ወይን ጠጅ በሆነ ቀለም የአውራ ጣት አሻራ አለ። ሌላ ትንሽ ወረቀትም አለ፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ዐረብኛ ነው። ደረሰኝ መስሎን ልብ ብለን አይተነው አናውቅም።

አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የቤቱ ፋይል የሚጀምረው ከ1968 ነው፤ ከዚያ በፊት የለም ብለውኛል። የክስም የካሳም ጉዳይ የለኝም። እናቴ በሕይወት እያለች ቤቱን ማን እንደሠራው ልነግራት ነው የምፈልገው። ከየት ልጀምር?

ጦሳ ሥር

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ጡረተኛ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካሰብሽው በላይ በእጅሽ አለ።

መጀመሪያ ቀኑን እናውጣው። ሽልንግ ማለት እንግሊዞች በ1933 ሲገቡ ይዘውት የመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ ነው። የራሳችን ብር የወጣው በሐምሌ 1937 ነው። ጠገራ ቢል ኖሮ ምንም አይነግረንም ነበር፤ ጠገራ ከምኒልክ በፊት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። ሊሬ ቢል ከ1928 እስከ 1933 እንፈልግ ነበር። ሽልንግ ግን ጊዜው አጭር ነው። አሁን ዘመኑን አስይው። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሪና ለ4 አካፍይው። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። በሽልንግ ዘመን ውስጥ ዮሐንስ የሚውለው በ1936 ብቻ ነው። ከሱ በፊት ያለው 1932 ነው፤ ያኔ ጣልያን ነበረ። ቀጣዩ 1940 ነው፤ ያኔ ብር ወጥቷል። ስለዚህ አያትሽ ቤቱን የገዙት ጥር 9 ቀን 1936 ነው። አይጡ የበላውን ዓመት መልሰሽ ጻፊው።

የጣልያኑ ነገር እዚህ ላይ ይወድቃል። ደሴ ከጣልያን እጅ የወጣችው በሚያዝያ 1933 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሚሸሽ ጣልያን ከየት ይመጣል? ደግሞም ጣልያን ቢሸጥ ይፈርም ነበር፣ አውራ ጣቱን አያሳርፍም። በአውራ ጣት የፈረመው ፊደል ያልቆጠረ የኛው ሰው ነው። ሴትም ልትሆን ትችላለች። በዚያ ዘመን በደሴ የራሳቸው ቤት የነበራቸው ሴቶች ጥቂት አልነበሩም፤ ጠላና ጠጅ እየሸጡ የሠሩ።

የአረቡን ጉዳይ በችኮላ አትጣይው። ወለድ አገድ የሚባል ነገር ታውቂ እንደሆነ አላውቅም። ገንዘብ ያበደረው ሰው ወለድ አይቀበልም። በወለዱ ፈንታ ቤቱን ይዞ ይኖርበታል ወይም ያከራየዋል። ዋናው ገንዘብ ሲመለስለት ቤቱን ይለቃል። አሥር ዓመት በወለድ አገድ የያዘውን ሰው ሰፈሩ ባለቤት ነው የሚለው፣ ባለቤት ግን አይደለም። በሥራ ዘመኔ ሰዎችን ከምንም በላይ ያሳሳታቸው ይህ ነው። ያን ግማሽ ዐረብኛ የሆነውን ወረቀት ዛሬውኑ የሚያነብልሽ ሰው ፈልጊ።

ፋይሉ ከ1968 የሚጀምረውም በምክንያት ነው። ትርፍ ቤት የተወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ከትርፉ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች። ያኔ ቤት ሁሉ እንደ አዲስ ተቆጠረ፣ ቁጥር ተለጠፈበት። እኔ በሠራሁበት መዝገብ ቤት ከዚያ በፊት ያለው ወረቀት የሚገኘው በሰው ስም ነበር። በቤት ቁጥር ከጠየቅሻቸው የለም ማለታቸው አይቀርም። ባያትሽ ስምና በ1936 ጠይቂ። የቦታ ግብር የተከፈለበት መዝገብም አለ ወይ በያቸው።

ዋናውን ልንገርሽ። የቤትሽን ታሪክ በቤትሽ ወረቀት ብቻ አትፈልጊው፤ የጎረቤት ሳጥን ውስጥ ፈልጊው። የድሮ ውል ሁሉ አዋሳኝ ይጠራል። በምሥራቅ የእገሌ ቤት፣ በምዕራብ የእገሊት አጥር እያለ ይሄዳል። ያንቺን ጥግ አይጥ ቢበላው የጎረቤትሽን አልበላውም። ጎረቤት ቤቱን ሲገዛ፣ ሲያወርስ፣ ሲካፈል ሁሉ ያንቺ ቤት ባለቤት በስሙ ይጻፋል። እኔ በዚህ መንገድ እስከ ንጉሥ ሚካኤል ዘመን ድረስ የተቆጠረ ቦታ አይቻለሁ።

አቦል

እህቴ፣ ጋሼ የነገሩሽ ላይ ልጨምር። ጎረቤቶችሽ ሙስሊሞች ከሆኑ የውርስ ወረቀት በሸሪዓ ፍርድ ቤት በኩል ሄዶ ሊሆን ይችላል። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ የታወቁት በ1930ዎቹ ነው፤ ያያትሽ ውል በተጻፈበት ዘመን ማለት ነው። ሰው ሲሞት ሚስት ልጆች ካሉ ስምንተኛ ትወስዳለች፣ ወንዱ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። ይህን ለማካፈል ንብረቱ አንድ በአንድ ይጻፋል፤ ቤት ካለ ከነአዋሳኙ። ቀኑ በሂጅራ ከሆነ አትደንግጪ፣ ሂጅራ ከኛ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በቀላሉ አይመሳከርም፤ መቀየሪያ ሰንጠረዥ ተጠቀሚ።

የሰፈሩ እድር ያረጀ መዝገብ ካለውም እዪው። የእኛ እድር መዝገብ ላይ ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር፣ ማን ሲሞት ወራሹ ማን እንደሆነ ተጽፎ አይቻለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ጎረቤት ዘንድ ስትሄጂ ወረቀት አሳዩኝ ብለሽ አትጀምሪ። ሰው ስለ ቤት ወረቀት ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣለት ክስ ነው። እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። ቡና ይፈላ፤ አቦሉ፣ ቶናው ይጠጣ፣ በረካው ላይ ስትደርሱ እናትሽ ትጀምርልሽ። ከእናትሽ አፍ ሲወጣ ጨዋታ ነው፤ ካንቺ ሲወጣ ምርመራ ይመስላል።

ቧንቧ ውሃ

ስለ ጋዜጣው አንድ ጥንቃቄ። ጋዜጣ ከታተመበት ቀን በፊት ሊለጠፍ አይችልም፤ ከሱ በኋላ ግን በማንኛውም ጊዜ ይለጠፋል። ጣልያን የተወውን ወረቀት ሰው ሰብስቦ ዓመታት ቆይቶ ለጥፎት ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ጭቃው ላይ መለጠፉ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ቤቱ ሲሠራ ግድግዳው ባዶ ነበር፣ የመጀመሪያው ልባስ ያ ነው ማለት ነው። ቀን ያለበት ጥግ ካለ አስቀምጪው፤ እባክሽ እንዳይጣል።

ሌላ መንገድም ላሳይሽ። ጣልያን በቆየባቸው ዓመታት ከአውሮፕላን ያነሳቸው ፎቶዎች አዲስ አበባ በቀድሞው ካርታ ሥራዎች ድርጅት ተገኝተዋል። ከ8000 በላይ ሰሌዳዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ አራት አራት ሆነው ተለጥፈዋል፤ አንዱ ቀጥታ ከላይ፣ ሌሎቹ ከጎን የተነሱ። ሸዋበርን የሚያሳይ ካገኘሽ ቤትሽ ያኔ መኖር አለመኖሩን ታዪዋለሽ። ቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ነጭ ሆኖ ይበራል፣ ሣር ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ጦሳ ሥር

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 በቦምብ ስትደበደብ ብዙ ቤት ተቃጥሏል። ከዚያ በኋላ የቆመና ከዚያ በፊት የነበረ ቤት መለየት ያስፈልጋል። ውጤቱን መጥተሽ ንገሪን።

የሸዋበር ልጅ

ሁለት ወር ፈጅቶብኝ ተመለስኩ። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። አቦል፣ አንተንም አላህ ይስጥህ።

መጀመሪያ ትንሿን ወረቀት ይዤ ከመስጊዱ ሼሆች አንዱ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ልጄ፣ ይህ ደረሰኝ አይደለም፣ የመፍቻ ወረቀት ነው» አሉኝ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «400 ጠገራ ብር ስለተመለሰልኝ በወለድ አገድ የያዝኩትን ቤት ለባለቤቷ አስረክቤአለሁ»። ልብ በሉ፣ ባለቤቷ ነው የሚለው፣ ሴት ናት። ፊርማው የዐረብኛ ነው። ቀኑ ጥር 9፣ አያቴ በገዛበት ዕለት። ይህ ወረቀት እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ላለመጣል ብቻ ነው ያስቀመጥነው።

ከዚያ እናቴን ይዤ ሀጂ ዘንድ ሄድኩ። ከኛ በስተምሥራቅ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ 90 ነው። አቦል እንዳለው በረካው ላይ እናቴ ጀመረች። ሀጂ ምንም ሳይናገሩ ተነሱ። ከአልጋቸው ራስጌ የጨርቅ ቦርሳ አወጡ፤ አፉ በገመድ የታሰረ። በ2014 ጦርነት ከቤት ሲወጡ ይዘውት የወጡት ይህን ቦርሳና የሚስታቸውን መድኃኒት ብቻ ነው።

ቦርሳው ውስጥ ሁለት ወረቀት አገኘን። አንዱ አባታቸው ቦታውን በ1925 የገዙበት ውል ነው፣ በ60 ጠገራ። በምዕራብ በኩል «የወይዘሮ እገሊት አጥር» ይላል። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ ዘሮቿ ስላሉ። ሁለተኛው የአባታቸው የውርስ ክፍፍል ነው፣ በዐረብኛ፣ 1368 ዓመተ ሂጅራ። ሼሁ አብዛኛው በ1941 ላይ የሚውል ነው አሉኝ። እዚያ ላይ ምዕራቡ «ቀድሞ የወይዘሮዋ ጠጅ ቤት የነበረ» ተብሎ የአያቴ ስም ተጠርቷል።

ሀጂን ወረቀቱን ሳሳያቸው ሳቁ። «ጠጅ ልትጥል ማር ስትበጠብጥ ሰፈፉን ለእኛ ለልጆች ታቀምሰን ነበር። ጠጁን እንዳንነካ ደግሞ በማማሰያዋ ታባርረን ነበር» አሉ። እኔ ያን ጊዜ እናቴን ነበር የማየው። 78 ዓመት የኖረችበትን ቤት የመጀመሪያ እመቤት ስም ያን ቀን ገና መስማቷ ነው።

ጣልያኑንም ጠየቅኳቸው። አንድ የጣልያን ሹም ሰገነት ያለውን ክፍል ነጥቋት ተቀምጦበት ነበር፤ እሷ ወደ ጓሮ ማድ ቤት ወረደች፤ ጠጅ መጣሏንም አቆመች አሉ። ጋዜጣውን የለጠፈው እሱ ይሁን ወይም የሱ አሽከር አላውቅም። ከአረቡ ነጋዴ የተበደረችው ከጣልያን መውጣት በኋላ ነው፣ ጠጅ ቤቱን መልሳ ለመክፈት። አልሆነላትም። አያቴ ከከፈለው 1400 ሽልንግ የአረቡ ብድር ተከፍሎ የቀረውን ይዛ ወጣች። እናቴ ይህን ስትሰማ «አባቴ ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው» ብላ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጣልያን አላነሳችም።

ጋሼ እንዳሉት በስም ስጠይቅ ከዚያው መሥሪያ ቤት የ1949 የቦታ ግብር ደረሰኝ ተገኘ፣ በአያቴ ስም። ሌላው አሁንም አልተገኘም። የአየር ፎቶውን ገና አልሞከርኩም፤ ለጥቅምት አዲስ አበባ ስሄድ እጠይቃለሁ። ግን አጥሩ በ1925 ከነበረ ቤቱም ከቦምቡ በፊት የነበረ ይመስለኛል።

ትናንት ደግሞ ሀጂ ባፈላለጉት ሰው በኩል የወይዘሮዋ የልጅ ልጅ ሐይቅ ከተማ እንዳለች ሰማሁ። ደወልኩላት፤ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ቀጠን ያለ። ማን እንደሆንኩ፣ ከየት ሰፈር እንደምደውል ብቻ ነገርኳቸው። ስለ ምሰሶው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ያ ምሰሶ ላይ ያለው መስቀል አለ ወይ? እናቴ ገና ልጅ እያለች ወንድሟ ነው የቀረጸው እያለች ትነግረን ነበር» አሉኝ።

ቅዳሜ እናቴን ይዤ ሐይቅ እሄዳለሁ። የምሰሶውን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤአለሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ውሉ ላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ቀለሙ እየለቀቀ ነው። ወይዘሮዋ ከእጃቸው የተረፈልን እሱ ብቻ ስለሆነ ሳይጠፋ የማቆይበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ።